ጭላሎ ሥር ብርድ የገዛው ሰው

ሰው ብርድ በገንዘቡ ሲገዛ አይተህ ታውቃለህ? እኔ አይቻለሁ። ያውም አሰላ ላይ። ያውም በክረምት።

ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። አሰላን ታውቃታለህ። ጭላሎ ሥር ናት። ሰው ጋቢ ላይ ጋቢ ይደርባል። ቅቤ በቢላዋ አልቆረጥ ብሎ በመጥረቢያ ቢፈለጥ የሚገረም የለም። እዚያ ከተማ ውስጥ አንድ ጤነኛ አባወራ ፍሪጅ ገዛ። ለቀባሪው አረዱት ይሉሃል ይኼ ነው።

አባወራው የእህቴ ባል ነው፤ ጋሽ ተሰማ። እህል ነጋዴ ነው። የሳጉሬን ስንዴ አንዷን ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ የየትኛው ማሳ እንደሆነች የሚነግርህ፣ ገበያ ላይ ማንም አታልሎት የማያውቅ ሰው። ያታለልኩት እኔ ነኝ። ሳላስበው።

ነገሩ የጀመረው ከዓይን ነው። እህቴ እትዬ ብርቄ የምታበስለው ጓሮ ባለችው ማድ ቤት ነበር። ማድ ቤቷ ጭስ መውጫ የላትም። ጭሱ የሚወጣው በእትዬ ብርቄ ዓይን በኩል ነው። ሐኪም ቤት ሄደች። ሐኪሙ የዓይኗን ቆብ ገልብጦ አየና፣ ጭሱን ካልተውሽው ዓይንሽ ይተውሻል አላት። ጋሽ ተሰማ ይህን ሲሰማ፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ጭስ መውጫ ያለው ኩሽና አሠራልሻለሁ ብሎ ማለላት።

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። ምነው ባልገባሁ!

እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ ጋዜጣ ላይ ቁርጥራጭ ነገር እጽፋለሁ። ያኔ ዘመናዊ ያልሆነ ነገር ሁሉ ገላዬን ያሳክከኝ ነበር። ኩሽና ሊሠራ ነው ሲሉኝ ዝም ልበል? ከአንድ የውጭ አገር መጽሔት ላይ የኩሽና ሥዕል ገነጠልኩና ይዤ አሰላ ገባሁ። በሥዕሉ ላይ ሰፊ መስኮት አለ። ጭሱን በቧንቧ ጣሪያ ላይ የሚያወጣ ምድጃ አለ። ጥግ ላይ ነጭ ፍሪጅ ቆሟል። አንዲት ሴትዮ ክንዷን ፍሪጁ ላይ አስደግፋ ሠላሳ ሁለት ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች።

“ምድጃውን እየው ጋሼ፣ ቧንቧውን እየው” አልኩት።

ቧንቧውን አላየም። ጣቱን ሴትዮዋ ላይ አሳረፈ።

“ይህቺ ምን አግኝታ ነው እንዲህ የምትስቀው? ይሄ የተደገፈችው ምንድን ነው?”

“እሱማ ፍሪጅ ነው” አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

“ብርቄ እንዲህ ስቃልኝ አታውቅም” አለና ሥዕሉን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሰኔ መጨረሻ ፍሪጁ በካሚዮን መጣ፤ እኔም አብሬው መጣሁና ክረምቱን እዚያው ሰነበትኩ። መብራት እነሱ ሰፈር አልደረሰም ነበርና የላምባ ነው። ከታች ላምባ ይነድዳል፤ ከላይ በረዶ ይሠራል። እሳት እንዴት ብርድ ይወልዳል? ሻጩ ረጅም ነገር አስረድቶኛል። አንዱም አልገባኝም።

ኩሽናውን የሠራው ሁሴን ነው፤ የአሰላን ግማሽ ግድግዳ ያቆመ ግንበኛ። ፍሪጁን በክንዱ ለካ። በሩን ለካ። ፍሪጁን ደግሞ ለካ።

“ያ ረቢ! ጋሼ፣ ይሄ ነገር በዚህ በር አይገባም።”

“መዝጊያውን ንቀለዋ!”

ነቀለ። አልገባም።

“መቃኑንም ንቀል።”

ነቀለ። አልገባም።

“ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የቀረው ግድግዳው ነው።”

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?”

ምርጊቱ ገና ያልደረቀ ግድግዳ ሲፈርስ አይተህ ታውቃለህ? እትዬ ብርቄ ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጭና ቆመች። እኔም ጫንኩ።

ዋናው ድንጋጤ ግን ገና ነበር። ለካ የፍሪጁም ላምባ ጭስ አለው፤ መውጫ ይፈልጋል። ቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፤ ለምድጃው ተብሎ የተሠራው።

“አንድ ቧንቧ ሁለት ጭስ አይችልም” አለ ሁሴን። “ወይ ለእትዬ ምድጃ፣ ወይ ለዚህ።”

ጋሽ ተሰማ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። መቼም የእህቴን ዓይን አይረሳም ብዬ ነበር።

“ለዚህ ስጠው” አለ። “ምድጃው የትም አይሄድም፤ ይደርሳል።”

ሁሴን እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

በቃ። ክፍሉ ነጭ የዘይት ቀለም ተቀባ። ጭስ ያጠቁረዋል ተብሎ እሳት መለኮስ ክልክል ሆነ። ከጭስ ልትድን ኩሽና የተሠራላት ሴት ወደ ጓሮዋ፣ ወደ ጭሷ ተመለሰች። መስኮቱም፣ ቧንቧውም፣ ሙቀቱም የፍሪጅ! እትዬ ብርቄ አልጮኸችም። ሃያ ዓመት አንተ ስትለው የኖረችውን ባሏን፣ “እርስዎ ዕቃዎ ይመቸው” ብቻ አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እርስዎ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ አክብሮት ለጠላትህም አይድረስ።

ፍሪጁ ውስጥስ ምን ነበር? አንድ ጠርሙስ ውሃና ስድስት እንቁላል። ውሃው ደጅ ቢያድር ከዚያ የባሰ ይበርድ ነበር። ቁልፉን ግን ጋሽ ተሰማ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እንግዳ ሲመጣ ይከፍታል፤ እንግዳው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ይስባል። ከሳጉሬ ወተት የምታመጣልን አዴ ፋጡማ እጇን አስገብታ እባብ እንደነደፋት ወዲያው መለሰችው።

“ኣቦ! እኛ ከብርድ የምንሸሽበት አጥተናል፤ እናንተ ቤት ትሠሩለታላችሁ?”

የፍሪጁን እውነተኛ ጥቅም መጀመሪያ ያወቀችው ድመቷ ናት። ከጀርባው፣ ቧንቧው ሥር፣ ላምባው የሚያሞቀው ቦታ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እትዬ ብርቄ አየቻት። በማግስቱ በክረምት ሦስት ቀን አልቦካ የሚላትን የዳቦ ሊጥ እዚያው ድመቷ አጠገብ አስቀመጠችው። ባንድ ሌሊት ቦክቶ ከድስቱ ወጣ። ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ከዚያ ቀኛዝማች መጡ። ቀኛዝማች የጋሽ ተሰማ ትልቅ ደንበኛ ናቸው፤ የተከበሩ ሽማግሌ። ከጮሌ አገር በበቅሎ፣ ዝናብ ሲወርድባቸው ነው የመጡት። በርኖሳቸው ይንጠባጠባል። ጋሽ ተሰማ ቁጭ በሉ እንኳ ሳይል ኩሽና አስገባቸውና ፍሪጁን በላያቸው ላይ ከፈተው። ደነገጥኩ። ሽማግሌው ይሞታሉ አልኩ። እሳቸው ግን ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ኋላ ሸሹ። እዚያም ቆሙ። ጀርባቸውን አስጠጉ። ከበርኖሳቸው እንፋሎት መነሣት ጀመረ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ተባረክ ተሰማ” አሉ። “ምድጃህ ግሩም ነው። ግን ምን ነካህ? ይህን ሁሉ ቁም ሣጥን አቁመህ እሳቱ ይችን ታህል ብቻ?”

ጋሽ ተሰማ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፍሪጁም እንደተከፈተ ነው። ይሄኔ እትዬ ብርቄ የወጥ ድስት ይዛ ከጓሮ በዝናብ ገባች። ዓይኗ ፍም መስሏል፤ እንባዋ ይወርዳል።

“ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?”

“አላለቀስኩም ጌታዬ። ወጥ እየሠራሁ ነው።”

“የት?”

“ጓሮ።”

ቀኛዝማች መስኮቱን አዩ። ቧንቧውን አዩ። የእህቴን ዓይን አዩ።

“ታዲያ እዚህ ቤት የሚበስለው ምንድን ነው?”

“እዚህማ…” አለ ጋሽ ተሰማ። ላብ አጠመቀው፤ አሰላ ላይ፣ በክረምት። “እዚህማ ውሃ… ይበርዳል።”

ቀኛዝማች ፍሪጁን በእጃቸው ገፍተው ዘጉት። ከዚያ ወጡን ሊበሉ ተቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሴን በጋሽ ተሰማ ተጠራ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀም፤ ዶማውን ይዞ መጣና ግድግዳውን ሁለተኛ አፈረሰ። ፍሪጁ በገባበት ወጣ። ቧንቧው ለምድጃው ተሰጠ። ፍሪጁ ያለ ላምባ ጓሮ፣ አሮጌዋ ማድ ቤት ውስጥ ቆመ፤ የዘር ስንዴ ተሞላበት። የአሰላ አይጥ በጥርሷ ያልደፈረችው የመጀመሪያው ጎተራ እሱ ነው። ቁልፉ አሁንም ጋሽ ተሰማ አንገት ላይ ነው።

አዲስ አበባ ተመልሼ በመስቀል ሰሞን ልጠይቃቸው ሄድኩ። እትዬ ብርቄ ምድጃዋ አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ ጥርት ብሏል። “አንተ፣ ያን እንጨት አቀብለኝ” አለችው ባሏን። አንተ መባሉን ሲሰማ ደስታው እግሩን አጠላለፈው፤ እንጨቱን እንደያዘ ዘጭ አለ። እሷ ሳቀች፤ ሠላሳ ሁለት ጥርሷ እስኪታይ።

ጋሽ ተሰማ ካለበት ሳይነሣ እጁን ኪሱ ሰደደ። ያቺን የታጠፈች ሥዕል አወጣ። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሴትዮዋን ከሚስቱ ጋር አስተያየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

“አየህ?” አለኝ በኩራት። “እኔ እኮ ፍሪጁን ስገዛ ታውቆኝ ነበር።”