እትዬ ብርቄ ሲቸበችቡ

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ መሸጥና መቸብቸብ አንድ ነው የሚመስላችሁ? እንግዲያው ጂንካ ገበያ ውላችሁ አታውቁም። የሚሸጥ ሰው ሊሸጥ ያወጣውን ይሸጣል። የሚቸበችብ ሰው ግን ሊሸጥ ያላሰበውንም አይተውም።

ምስክሬ እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ዛሬ አማቴ። ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ቀይ አፈር ከተማ ገበያ ወርደው ሽንኩርቱን ጨረሱና የተቀመጡበትን በርጩማ ሸጡት። ዝናብ መጣ። ጃንጥላቸውን ለአንድ ፈረንጅ ቸብችበው እሳቸው በስብሰው ጂንካ ገቡ። ምነው ቢባሉ፣ ሰው ባዶ እጁን ሲመለስ አንጀቴ አይችልም አሉ።

እኔ ደግሞ ልጃቸውን ሰናይትን ወደድኩ። ክፉኛ ነው የወደድኩት፣ የቢሮ ደብዳቤ ላይ ስሟን እስክጽፍ ድረስ። ከጋዘር ከተማ አጎቴንና ሁለት ጎረቤቶቹን ለሽምግልና አስመጣሁ። መቼም ደንቡን ታውቁታላችሁ፤ የሴት ወገን ወዲያው እሺ አይልም። ዘመድ እናማክር ይላል፣ ይቀጥራል፣ ያመላልሳል።

እትዬ ብርቄ ግን ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሳይጨርሱ እሺ አሉ። እሱስ ይሁን፣ ሙገሳውን ማን ያስቁማቸው? ጥርሷ፣ ጤናዋ፣ አመሏ፣ የእጇ ሙያ። ዛሬውኑ ይዛችኋት ብትሄዱ ደስታዬ ነው አሉ። በምራቂ ደግሞ አልጋና ቁምሳጥን ጨመሩ።

አጎቴ ፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ አንድ ጉድ ባይኖርባት እንዲህ አይቸበችቧትም፣ ሌላ ፈልግ አለኝና ሚኒባስ ተሳፍሮ ሄደ። አለቀልኝ። እህል አልወርድልኝ አለ።

ሰናይት ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ተቆጣች። "እኔ ሽንኩርት ነኝ?" አለችና እጄን ይዛ እናቷ ፊት አቆመችኝ። እግራቸው ላይ ወደቅሁ። "እባክዎ እትዬ፣ ልጅዎን ይከልክሉኝ" አልኳቸው። እንዲህ ብሎ የለመነ ሙሽራ በደቡብ ኦሞ ተሰምቶ ያውቃል?

ጭንቅ ያዛቸው። ዕድሜዬን ሙሉ ደንበኛ መልሼ አላውቅም አሉ። የልጅ ነገር ሆነና ግን እሺ አሉ። አጎቴን ለምኜ፣ አስለምኜ መለስኩት። እትዬ ብርቄም ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ልጄን ለማንም አልሰጥም፣ ያለፈው ስህተት ነበር አሉት።

አጎቴ ፊቱ በራ። በሳምንቱ ማንም ሳይልከው መጣ። እምቢ አሉት፤ ወርቅ ጨመረ። በሦስተኛውም እምቢ አሉት፤ አልጋውም ቁምሳጥኑም ከእኛ ይሁን አለ፣ በእኔ ኪስ። ያን ጊዜ እሺ አሉ። እኔ እንደሆነ አገኘኋት፣ ሌላው ምን ገዶኝ።

በሰርጉ ማግስት እትዬ ብርቄን ላመሰግን ሄድኩ። ምርር ብለው ተናደው አገኘኋቸው።

"ይህችን እምቢ የምትባል ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማን ደበቀብኝ?" አሉኝ።