ግመል፣ አውሮፕላንና እንቅልፍ

እንቅልፍ የተፈጠረው ለመንግሥት ሠራተኛ ነው! ሌላው ሕዝብ ተውሶ ነው የሚተኛው። አልስማማም ካላችሁ ከምሳ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ጎራ በሉና ፍረዱኝ።

እኔ ግን ይህን የተፈጥሮ መብቴን የተነፈግሁ ሰው ነኝ። በነገሌ ቦረና አውሮፕላን ማረፊያ ማዕረጌ «የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ» ይባላል። አየሩ ላይ ትራፊክ የለም፤ አውሮፕላን የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው። ትራፊኩ ያለው ምድር ላይ ነው... ግመል! ግመሉን ከሜዳው የማባርር እኔ፣ የነፋሱን አቅጣጫ በራዲዮ ለአብራሪው የምነግር እኔ፣ የመንገደኛውን ዕቃ የምመዝን እኔ፣ የፖስታውን ከረጢት የምሸከም እኔ። ወገቤ አልታዘዝ ሲለኝ ለአዲስ አበባ አቤት አልኩ፦ ደክሞኛል፣ ረዳት ይሰጠኝ። እነሱም ድካምህን የሚያጣራ ኢንስፔክተር በሚቀጥለው አውሮፕላን እንልካለን አሉ።

አበሻ አይደለሁ? እንግዳ ሲመጣ ቤት አሳምራለሁ። የሜዳውን ዳር ድንጋይ በሙሉ ኖራ ስቀባ አደርኩና ረፋዱ ላይ ራዲዮዬን ከፍቼ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን የነገሩኝ ሌሎች ናቸው፤ እኔማ አልነበርኩም።

ሜዳዬን የግመሎቻቸው ግጦሽ ያደረጉት ሽማግሌ ኦቦ ጂሎ፣ እንደ ልማዳቸው ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። እኔ አንኮራፋለሁ፤ ራዲዮው «ነገሌ! ነገሌ!» እያለ ይጮሃል። ሰውየው መቼም ይወዱኛል። የደከመ ሰው አይቀሰቀስም ብለው ጋቢያቸውን አውልቀው ራዲዮውን ጠቀለሉት! አብራሪው ከላይ ይዞራል፣ ጋቢው ከታች ያጉተመትማል፣ ግመሎቹ መሐል ሜዳ ላይ ያመነዥካሉ። አብራሪው ቢጨንቀው ጣሪያዬን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ዝቅ ብሎ ግመሎቹን በተናቸው፤ ከዚያም ራሱ ለራሱ ፈቅዶ አረፈ። ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አፌን ከፍቼ... ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚሉ ሰዎች ነገሌ መጥተው አያውቁም።

ኢንስፔክተሩ በሩን በርግደው ሲገቡ ኦቦ ጂሎ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በኦሮምኛ ሰላም አሏቸው።

«አካም፣ ናጋ? ቀስ በል፤ ልጁ ተኝቷል።»

የነቃሁት ይህን ጊዜ ነው። ብነቃም ዓይኔን አልገለጥኩም፤ እናንተስ ብትሆኑ ትገልጣላችሁ?

«አባባ፣ ዛሬ ብቻ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉ ኢንስፔክተሩ፣ ድምፃቸውን አለስልሰው።

ኦቦ ጂሎ እንዲታዘንልኝ ፈልገው ጠበቃ ቆሙልኝ።

«ኧረ ሁልጊዜ ነው። ምስኪን... አውሮፕላን በመጣ ቁጥር ይደክመዋል።»

ከጠላቴ እኔው እጠነቀቃለሁ፣ ከወዳጄ አንተ ጠብቀኝ የሚባለው ጸሎት ያን ዕለት ገባኝ።

ኢንስፔክተሩ ግን ቃላቸውን የሚያከብሩ ሰው ናቸው። አቤቱታዬ እውነት መሆኑን በዓይናቸው አይተዋል፤ ምስክርም ሰምተዋል። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ ሰው ላኩልኝ። ራዲዮው ጋ የሚቀመጠው እሱ ነው። ግመል የማባርረው፣ ዕቃ የምመዝነው፣ ከረጢት የምሸከመው ዛሬም እኔው ነኝ። ረዳት ለምኜ፣ ረዳት ሆንኩ!