የአሜሪሲየም ደጋፊዎች

ማንና ማን እንደሚጫወቱ ሳያውቅ የሚደግፍ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ እግዜር አጎት አድርጎ ሰጥቶኛል። ጋሽ ግርማ ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 የሚባል ሰፈር ካለው ሱቁ በር ላይ ተቀምጦ ኳስ ይሁን ምርጫ፣ የጎረቤት ጠብ ይሁን ሰርግ፣ ሳይመርጥ ይደግፋል።

እኔ ፈረንሳይ አገር ኬሚስት ነኝ። ለእረፍት ጅቡቲ ስመጣ ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ውሃና ዘይት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሬ አስረዳሁት።

«ያገለገለ የኑክሌር ነዳጅ ውስጥ አሜሪሲየምና ዩሮፒየም የሚባሉ፣ መንታ የሚመስሉ ብረቶች አሉ። አሜሪሲየሙ ካልወጣ ቆሻሻው ለስንት ትውልድ መርዝ ሆኖ ይኖራል። ሁለቱንም ውሃው ውስጥ እናሟሟቸዋለን። የሠራነው ሞለኪውል በናይትሮጅን እጆቹ አሜሪሲየሙን ብቻ ይዞ ወደ ዘይቱ መጎተት አለበት። እስካሁን እምቢ ብሎናል። የመጨረሻው ሙከራ ዛሬ ነው።»

«እኛ የማን ነን?» አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሳይንስ ነው! ደጋፊ የለውም!» ብዬ ተቆጣሁ።

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ላብራቶሪ የቀረችው ባልደረባዬ ናት፤ «ያዘው! ያዘው!» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን ባልናገር ይሻለኝ ነበር። የተከበርኩት ሳይንቲስት ወንበር ላይ ወጥቼ ሸሚዜን እያውለበለብኩ ጮህኩ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ 12 የቆሙት የከባድ መኪና ሾፌሮች ሳይሰሙኝ አልቀሩም። ሶማሌው ጎረቤታችን ነገሩ ምን እንደሆነ ሳያውቅ መጥቶ አቀፈኝ።

ጋሽ ግርማ ብቻ ከመቀመጫው ንቅንቅ አላለም። «ስንት ለስንት?»

«አሜሪሲየሙ ከሞላ ጎደል በሙሉ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል፤ ዩሮፒየሙ ግን ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀርቷል!»

«አልገባብንማ! በረኛው ይሸለም!» ብሎ ተነሳ።

ዩሮፒየሙን አላስገባም ያለውን ናይትሮጅን ማለቱ ነው። እኔም አጨበጨብኩ።