ሙሴ ፔራሽ የማያምኑት ስርጉድ

ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ዶክትሬቱን ገና ያልጨረሰ ተማሪ ስለ ሙሴ ፔራሽ ለመጻፍ ምን መብት አለው እያልኩ ራሴን ስሞግት ቆየሁ። ሆኖም ኃይለኛ ማግኔት ባለበት ቤተ ሙከራ ሁሉ ምንም ነገር የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም፤ በፈረንሳይ፣ በግሬኖብል ባለው ቤተ ሙከራችን ያ ሰው እሳቸው ናቸው።

ክቡር ሙሴ ፔራሽ፣ የማግኔታችን ቴክኒሺያንና የጥርጣሬ ሊቀ ሊቃውንት፣ ፎርማጆ ሲገዙ ሻጩ ያቀረበላቸውን ትተው ከጀርባው ያስቀመጠውን ያስቆርጣሉ። ልጃቸው መንታ መውለዷን በስልክ ስትነግራቸው፣ በደንብ ተቆጥሯል ወይ ብለው ጠየቁ ይባላል። ለተማሪ ያላቸው ቃል ግን አንድ ነው፤ «ሽቦህ ነው።»

ጥናቴ ከፀጉር በቀጠነ ኦርጋኒክ ክሪስታል ላይ ነው። ኤሌክትሮኖች በውስጡ በጠባብ ኮሪደር እንደሚያልፍ ሰው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳሉ፤ ብርቱ ማግኔት ሲያርፍባቸው ደግሞ ተሰልፈው አንድ ላይ ይወዛወዛሉ ተብሎ ይታሰባል። ይህን የጋራ ውዝዋዜ ካላሳየሁ ዶክትሬት የለኝም። ማግኔቱ የተፈቀደልኝ ለአምስት ቀን ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት በመለኪያው መስመር ላይ የውዝዋዜው ምልክት የሚሆነው፣ የናፈቅሁት ስርጉድ ታየ። አማካሪዬ ማዳም ሎርቴ ወዲያው ለጉባኤ የሚሆን ርእስ መምረጥ ጀመሩ።

ሙሴ ፔራሽ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ተመለከቱ።

«ሽቦህ ነው፣ ልጄ።»

«እርስዎ ደግሞ ሠርግ ላይ ለቅሶ ይወዳሉ» አሉ ማዳም ሎርቴ።

«ጉባኤ ላይ ከሚለቀስ እዚህ ይለቀስ። ወንበርም አለን።»

የኤሌክትሪክ ጅረት የተሸከመ ሽቦ በማግኔት ውስጥ ራሱ እየተንቀጠቀጠ የራሱን ስርጉድ ይሠራል። ይህን ከክሪስታሉ ስርጉድ ለመለየት በብርቱ ቅዝቃዜ ውስጥ ያለውን ክሪስታል አሙቆ ማውጣት፣ ሽቦውን በሙጫ ማጣበቅ፣ እንዳይሰነጠቅም ቀስ እያሉ ዳግመኛ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ይህ የቀረኝን ጊዜ ሁሉ ይበላል፤ ክሪስታሉ ከተሰነጠቀም ሌላ የለኝም። ማዳም ሎርቴ ውሳኔውን ለእኔ ተዉት። «እናውጣው» አልኩ።

ሙሴ ፔራሽ ትንፋሻቸውን ይዘው ሽቦውን አጣበቁ። ማቀዝቀዙን ላፋጥን እጄን ወደ መቆጣጠሪያው ብዘረጋ፣ እርጎ ይበሉበት በነበረው ማንኪያ መቱኝ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት ለካን። ትልቁ ስርጉድ የለም፤ ሽቦዬ ነበር። መሣሪያውን ላጠፋ ስል ሙሴ ፔራሽ ክንዴን ያዙኝ። ትልቁ ሸፍኖት የነበረ፣ ትንሽዬ ሌላ ስርጉድ ከአጠገቡ ብቅ ብሏል። ሦስት ጊዜ አስለኩኝ፤ ሦስቱንም ጊዜ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ይህኛው የሽቦ ሳይሆን የክሪስታሉ ነበር። ሙሴ ፔራሽ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መነጽራቸውን ለረጅም ጊዜ ጠረጉ።

በሙያችን ልማድ ቴክኒሺያን የሚመሰገነው በጽሑፉ መጨረሻ፣ በአንዲት መስመር ነው። ለሙሴ ፔራሽ የሚገባቸው ከእኔ ስም ቀጥሎ የጸሐፊነት ስፍራ ነው።