ከአስመራ የመጣው መወጠሪያ

አንድ ጊዜ የአንድን ሰው ሥራ ነጥቄ ለአስመራ ሰጥቻለሁ። አስመራ አልጠየቀችኝም። ሰውየውም አልፈቀደልኝም። እኔው በገዛ አፌ ሰጠኋት።

እኔና ባለቤቴ አያሌው መካነ ኢየሱስ ላይ የሞተር ወፍጮ አለን። ሞተሩ አንድ ጥግ ይቆማል፣ ወፍጮው ሌላ ጥግ፤ በመካከላቸው ቺንጋ የሚባል ረጅም የቆዳ ቀበቶ ይዞራል። ቺንጋው እንዳይላላ ደግሞ ከላይ የሚጫነው ትንሽ መንኮራኩር አለ፤ መወጠሪያ ይሉታል። ይህን ያህል ካወቃችሁ ይበቃችኋል። እኔም ከዚህ በላይ አላውቅም።

ይህ መወጠሪያ ነው እንግዲህ ከዕለታት አንድ ቀን ሲጢጢጥ ማለት የጀመረው። ምን ዓይነት ድምፅ መሰላችሁ? አይጦች ሰርግ የደገሱ ነው የሚመስለው። ሴቶቹ እህላቸውን አስቀምጠው ጆሯቸውን ይይዛሉ። አህዮቹማ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ጭነታቸውን እንደያዙ ወደ ኋላ ይዞራሉ። የንስሐ አባቴ የኔታ ክንፈ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ዜማ ያስተምራሉ። አንድ ቀን ብቅ ብለው፣ "ልጄ፣ ተማሪዎቼ ዜማውን የሚያነሱት ከወፍጮሽ ሆኗል። ወይ እሱን ዝም አሰኚ፣ ወይ ድጓ አስተምሪው" አሉኝ።

ምን ይደረግ? አያሌው "ኦሪጅናሉ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ" አለ። ለሞተር አብሮት የተወለደው ነው የሚያምርበት፤ ሌላው እንጀራ አባት ነው፤ ያበላሃል እንጂ አይወድህም ብሎ አስረዳኝ። እኔን ደግሞ ያሳደገኝ እንጀራ አባቴ ነው። ነገሩ ከመወጠሪያ አልፎ ወደ ዘር ቆጠራ ሄደና ለሽማግሌ ጥቂት ቀረው።

ለማንኛውም ኦሪጅናሉን ፍለጋ ወደ አስመራ ተላከ። ዕቃው ከባሕር ማዶ ነውና ታገሡ የሚል መልስ መጣ። እስከዚያው ብለን ከደብረ ታቦር ነጋዴ ተመሳሳዩን ገዛን። በቅባት ወረቀት እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ መጣ፤ ሲያዩት ያሳሳል። ቅባቱ እስኪደርቅ ድረስ ጭምት ነበር። ሲደርቅ ግን የቀድሞውን አስመሰገነው።

ፋሲካ ደረሰ። ወፍጮው በፋሲካ ሰሞን ከቆመ ደንበኛው ሁሉ ወደ እጅ ወፍጮው ይመለሳል፤ እኛም ቤቱን ዘግተን ወደ እርሻችን እንመለሳለን። ያን ጊዜ ነው ደሴን ያስታወስኩት።

ደሴ ከከተማው በታች ወንዙ ዳር የሚኖር ብረት ቀጥቃጭ ነው። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጩ ማረሻ ይሠራልናል፤ በማረሻው አርሰን እንበላለን፤ በልተን ስንጠግብ እሱን ቡዳ ነው እንለዋለን። ሚስቱ ስመኝ እህሏን ይዛ ስትመጣ ሰው ሁሉ ፈጭቶ እስኪያልቅ ከግድግዳው ሥር ትቀመጣለች። እሷ ከፈጨች በኋላ ደግሞ ልክ በርበሬ እንደተፈጨበት ሁሉ አንድ እፍኝ ገብስ ጨምረን ድንጋዩን እናጥበዋለን። ማን ደነገገው? ማንም። ሁላችንም።

ደሴ መጣ፤ መወጠሪያውን በጣቱ አዞረው።

"እትዬ፣ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው ይኼ ነው?"

"ይኼው ነው።"

"ይኼማ ወንዝም አያሻግር።"

ጉራው አይጣል ነው። በማግሥቱ ከወይራ ጠርቦ፣ ሞራ ቀብቶ አመጣና ገጠመው። ሞተሩ ሲነሳ ሲጢጥታው ወደ እሪታ አደገ፤ ጭስም ተከተለው። የኔታ በመስኮት አንገታቸውን አስግገው፣ "ዜማው ሳያንሳችሁ ዕጣንም ጨመራችሁበት?" አሉ። አያሌው ወደ እኔ አየ፤ እንጀራ አባት አላልኩሽም ማለቱ ነው። ደሴ ግን ቅንጣት ታህል አላፈረም። "የበኩር ልጅ ነው፤ ማልቀስ ያበዛል" ብሎ ነቅሎት ሄደ።

ጣሊያን ሲሸሽ ገደል የሰደደው የጭነት ካሚዮን ነበር። ደሴ እዚያ ወርዶ ነሐስ ፈልቅቆ አመጣ። አቅልጦ፣ ሞርዶ፣ መሐሉን በስቶ ሌላ መወጠሪያ ሠራ። ገጠመው። ሞተሩ ተነሳ። ቺንጋው ዞረ። እኔ ጆሮዬን ይዤ ነበርና አያሌው እጄን ከጆሮዬ ላይ አነሳልኝ። ጸጥ! የሚሰማው ሞተሩና የእህሉ መንሿሿት ብቻ ነው።

ዋጋውን ስንጠይቀው ገንዘብ አልፈልግም አለ። "ስመኝ ተራዋን ጠብቃ ትፍጭ። ከፊቷ ያለው ሲጨርስ እሷ፤ ከእሷ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ድንጋዩ ሳይታጠብ። ሌላ ዋጋ የለኝም።" እኔም በሥላሴ ስም ማልኩለት። እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማርኩ ሴት ነኝ፤ ቡዳ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ማወቅና ሰው ፊት መቆም ግን ለየቅል ናቸው።

በነጋታው ወፍጮ ቤቱ ጢም አለ። ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ ወሬዋ ከዱቄት ቀድሞ ቤት የሚገባው ጎረቤቴ፣ ጆሮዋን ወደ ሞተሩ አዘንብላ፣ "ይህ ጸጥታ ከየት መጣ?" አለች። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። ስመኝ ከረጢቷን ይዛ ሰልፉ ፊት ላይ ቆማለች። አፌን ከፈትኩ።

"ከአስመራ" አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ጥሩነሽ፣ "ዱሮም የፈረንጅ እጅ!" ብላ አጨበጨበች። ቀጥላም ስመኝን አየችና እሷ ከፈጨች ድንጋዩ ይታጠብልን ወይስ እንሂድ አለች። እኔ ወደ ስመኝ ጠጋ ብዬ፣ ለዛሬ ብቻ እህቴ፣ ሰው እስኪቀል ጠብቂ አልኳት። ከረጢቷን አነሳች።

"ይሁን" አለች። "አስመራ ሩቅ ነው፤ እኛ ቅርብ ነን።"

በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ? እሷ ይህን ተረት በአንድ ትንፋሽ አሳጠረችው።

ለዛሬ ብቻ ያልኩት ዓመት ሆነ። ሕሊናዬ ሲቆረቁረኝ የኔታ ዘንድ ሄድኩ። እንዴት ብዬ ተናዘዝኩ መሰላችሁ? ነሐሱ የጣሊያን ነው፤ ጣሊያን የመጣው በአስመራ በኩል ነው፤ እንግዲህ ከአስመራ መጣ ማለት ውሸት ይባላል ወይ አልኳቸው። የኔታ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ "ልጄ፣ እናትሽ ማን ናት ሲሉሽ ሔዋን ትያለሽ?" አሉኝ። ስግደት አዘዙኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ ታመመ እንጂ አፌ አልተከፈተም።

ውሸት ደግሞ እንደ ቺንጋ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ይዞህ ይዞራል። ወሬው ስማዳ ደርሶ ኖሮ ከወገዳ አንድ ባለ ወፍጮ በበቅሎ መጣ። ወንድሙን አስመራ ድረስ ልኮ ኦሪጅናሉን አስመጥቶ ነበር፤ እሱም ሲጢጥ ይላል። "እትዬ፣ የእናንተን የሸጠላችሁ የትኛው ሱቅ ነው?" ቢለኝ ጨነቀኝና ባለሱቁ ሞቷል አልኩት። ሰውየው ባርኔጣውን አውልቆ ነፍስ ይማር አለ። እኔም አብሬው ነፍስ ይማር አልኩ። ያልተወለደ ሰው ገደልኩ፤ ሙሾ ማውጣት ብቻ ቀረኝ።

በዓመቱ፣ ያውም በፋሲካ አፋፍ ላይ፣ ወፍጮ ቤቱ በሰው ሞልቶ ሳለ፣ ሲጢጢጥ!

ነሐሱ አልቋል። አያሌው ሞተሩን አጠፋና ወንዙ ዳር ሰው ላከ። ደሴ መጣ። አዲሱን መወጠሪያ ቀድሞ ሠርቶት ኖሮ በእጁ ይዞታል፤ ሲያልቅ የሚያውቀው እሱ ነዋ። ግን ደጃፉ ላይ ቆመ።

"ከአስመራ አታስመጡም እንዴ?" አለ ሰው ሁሉ እየሰማ።

አንገቴን ደፋሁ።

"ይኸው በእጄ ነው፣ እትዬ። ስመኝ የት ትቁም?"

ስመኝ ከግድግዳው ሥር ናት። ሴቶቹ እኔን ያያሉ። እህላቸው በየከረጢቱ ነው፤ በዓሉ ደርሷል። ተናገርኩ። ዓመቱን ሙሉ ያስፈጫችሁት በደሴ እጅ ሥራ ነው፤ አስመራ የሚባል ነገር የለም አልኩ።

"አስመራ የለችም?" አለች አንዷ ደንግጣ።

"አስመራስ አለች። መወጠሪያው ነው ከእሷ ያልመጣው።"

ጥሩነሽ ሆዷን ዳሰሰች። ጀርባዋ ላይ ያዘለችው ልጅ ጉንጩን ነፍቶ ተኝቷል። "ታዲያ ይኼ ያደገው በዚሁ ዱቄት ነው?" አለች። በዚሁ ነው አልኳት። ልጁን አዙራ አየችው፤ ጉንጩን ነካችው፤ ግንባሩን ዳሰሰችው።

"እንግዲያ ምን ተገትራችሁ ትቆማላችሁ?" ብላ ጮኸች። "ደሴ፣ ግባና ግጠም! ስመኝ፣ ነይ ተራሽን ያዢ፤ ፋሲካ እንደሆነ አይጠብቅም!"

ሁለት ሴቶች እህላቸውን አንስተው ወጡ። አንደኛዋ በማግሥቱ መጅ የላጠው መዳፏን ይዛ ተመለሰች። ስመኝ በተራዋ ፈጨች። ቀጥሎ ጥሩነሽ ነበረች። እኔ ለማጠቢያ የሚሆን ገብስ በእፍኜ ይዤ፣ ልጨምር አልጨምር እያልኩ ቆሜያለሁ። ጥሩነሽ በክንዷ ገፋ አድርጋኝ ስንዴዋን በቀጥታ አፈሰሰችው። ስመኝ ዱቄቷን እየቋጠረች አየቻት። ፈገግታዋን አይቻለሁ። አሁን የወገዳው ሰውዬ የሚያስጠግነው ደሴ ዘንድ ነው፤ ከጋይንትም ይመጡበታል። ጉራውማ ከበፊቱ ብሷል።

ከዚያ ወዲህ ሰዎች ያመሰግኑኛል። በአደባባይ እውነት የተናገረች ይሉኛል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እያሉ ይተርቱብኛል። ንጋቱስ እሺ፣ በራሱ ይጠራል። የእኔ እውነት ግን ዓመት ሙሉ አድሮ ጠብታ አልጠራም ነበር። ያናገረኝ ሕሊናዬ መሰላችሁ? ያናገረኝ ሲጢጥታው ነው። ያ ነሐስ ሌላ ዓመት ቢቆይ ኖሮ፣ እግዜር ያውቃል፣ እኔም ሌላ ዓመት ዝም እል ነበር።

ደሴንና ስመኝን ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ። የቀራችሁት እናንተ ናችሁ፤ በእኔ ቃል ወደ አስመራ ሰው የላካችሁ፣ ላልኖረ ባለሱቅ ነፍስ ይማር ያላችሁ፣ ላልነበረኝ ድፍረትም ያመሰገናችሁኝ። እባካችሁ ይቅር በሉኝ።