ሊቀ ሐውልት ቸሩ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ሞልቷል፤ መብራት የሚጠፋበትም እንዲሁ። ታሪክ አዋቂ የጠፋበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። በየሰፈሩ አንድ አለ። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይሽረውም። አንዱ የጥንት ቤት ይጠብቃል፣ ሌላው ያረጀ ዋርካ። ከቂርቆስ ወደ ካዛንቺስ በሚያሻግረው ጠባብ መንገድ ላይ የሚጠበቀው ሐውልት ነው፤ ጠባቂውም ክቡር ሊቀ ሐውልት ጋሽ ቸሩ ናቸው።

ማዕረጉን የሰጠቻቸው አልጋነሽ ናት፤ ከሐውልቱ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት፣ እሳቸውን ከማንም በላይ የመስማት ዕጣ የወደቀባት ሴት።

ሐውልቱ ከሰው ቁመት እምብዛም የማይበልጥ ጥርብ ድንጋይ ነው። በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ከሰፈሩ ዘምተው ያልተመለሱ የአሥራ አንድ ልጆች ስም ተቀርጾበታል። ያቆመው እድሩ ነው። ከስሞቹ አንዱ መድሃኔ ይላል፤ የአልጋነሽ ታላቅ ወንድም ነው። ሬሳው አልመጣም። እናታቸው መርዶው ከመጣ ጀምሮ ኮቱን ታቅፈው ሲያለቅሱ ከርመው፣ ድንጋዩ የቆመ ዕለት «እሰይ፣ ልጄ መቃብር አገኘ» ብለው ነበር። አልጋነሽ ይህን ለማንም አታወራም። የሚያወሩት ጋሽ ቸሩ ናቸው፤ ያውም ሳሙና ሊገዛ ለመጣ ሁሉ!

«ድንጋይ እንዳይመስልህ!» ብለው ይጀምራሉ። ሰውየው ድንጋይ መስሎት እንደሆነ እንኳ አይጠይቁትም። ከክተት ጥሪው ተነስተው፣ ጅጅጋ አድርሰው፣ አስርበው፣ አስጠምተው ሲመልሱት ሳሙናውን ረስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ጋሽ ቸሩ፣ ገበያዬን እኮ ገደሉት!»

«አንቺ ሳሙና ትያለሽ፣ እኔ ታሪክ እላለሁ!»

አንድ ጊዜ አንድ ጎረምሳ ፍቅረኛውን ሲጠብቅ ድንጋዩን ተደገፈ። ጋሽ ቸሩ ጆሮው ሥር ደርሰው «ልጄ፣ የተደገፍከው አሥራ አንድ ሰው ነው» አሉት። ልጁ ደንግጦ ዞር ብሎ አየና «ፋዘር፣ ማለቴ... ድንጋይ እኮ ነው፣ በቃ» አለ። ምነው አፉን በቆረጠው! ልጅቷ መጥታ፣ ቆማ ጠብቃ፣ ተበሳጭታ ስትሄድ እሱ ገና ስድስተኛው ዘማች ላይ ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ የሰርግ መኪኖች አስቁመው ሙሽሮቹን ካላስጎበኘሁ አሉ። ሙሽራዋ ቬሎዋን ሰብስባ ወረደች፣ አሥራ አንዱንም ስም አዳመጠች። የወንዱ ወገን የሴቷ አጎት ናቸው ብሎ ዝም አለ፤ የሴቷ ወገን የወንዱ አጎት መስለውት እጅ ነሳ።

ሰውየው መቀመጥ የሚባል ነገር አያውቁም። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከሐውልቱ አጠገብ ወዳለው ቤታቸው ሲገቡ የታዩት ለመኝታ ብቻ ነው። ማለዳ በእርጥብ ጨርቅ ድንጋዩን ያብሳሉ፣ ዞር ይሉና ተመልሰው ያብሱታል፤ መሸት ሲል አንድ መኪና አቧራ አለበሰው ብለው እንደገና።

ዘንድሮ ደግሞ ሰፈሩም እንደሳቸው መቀመጥ አቃተው። ግድግዳው ሁሉ የሚፈርስ መሆኑን የሚያሳይ ቀይ ቀለም ተቀባ፣ ማሽኑ ቀን ከሌት ያጓራል፣ ጎረቤቱ ዕቃውን በአይሱዙ እየጫነ ወደ ከተማው ዳር ተበተነ። የሐውልቱም ተራ ደረሰ። መንገዱ ስለሚሰፋ ይነሳል ተባለ። አንድ ተስፋ ነበረ፤ ሐሙስ ጠዋት የቅርስ ባለሙያዎች መጥተው ያዩታል፣ ለሰፈሩ ሰው ፋይዳ አለው ካሉ ይቆያል።

 አልጋነሽ ስኳር ለጠየቃት ጨው ሰጠች። ሐሳቧ ሁሉ መድሃኔ ዳግም መቃብር ሊያጣ ነው የሚለው ላይ ነበር።

ጋሽ ቸሩ ግን ወደ ደጋጋ ሮጡ። ደጋጋ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ነው።

«ሐሙስ ሰው ያስፈልገኛል። ባዶ ሰፈር አይተው ፋይዳ የለውም ቢሉስ? በታሪክ ያስጠይቃል! ማለዳ ተነስተህ ንፋ።»

«ጋሼ፣ ጡሩምባ እኮ የሚነፋው ለሞት ነው።»

«ሐውልት ከሚሞት በላይ ምን ሞት አለ? ንፋ አልኩህ!»

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ጡሩምባው ጮኸ። ደጋጋ «የእድር አባላት! ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ቸሩ ደጅ ተገኙ!» እያለ ዞረ። ጡሩምባ ተነፍቶ፣ የአንድ ብቸኛ ሽማግሌ ስም ተጠርቶ፣ «ለምን ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ የእድር አባል ገና አልተወለደም። የቀረውን ስልክ ጨረሰው። ጋሽ ቸሩ አረፉ!

አልጋነሽ ሱቋን አልከፈተችም። ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ «ወይኔ ጋሽ ቸሩ! ወይኔ ወንድሜ!» እያለች ደረቷን እየደቃች ወጣች። ጥግ ላይ ከእድሩ ዕቃ ቤት ኃላፊ ከሸምሰዲን ጋር ተገናኙ፤ የእድሩን ድንኳን ከከተማው ዳር ድረስ አስጭኖ፣ እንባው ጺሙ ላይ እየወረደ። ከኋላው ሁለት አውቶብስ ሙሉ የተበተነው ሰፈር ይራገፋል። ወንዶቹ ድንኳኑን ሊተክሉ ብረቱን ሲያወርዱ፣ ሟች ሙሉ ሱፋቸውን ለብሰው ሐውልቱን እያበሱ ነበር።

ለቅሶው ባንዴ ጸጥ አለ።

«ምነው? ማን ሞተ?» አሉ ጋሽ ቸሩ።

አልጋነሽ ሄዳ በነጠላዋ ጫፍ መታቻቸው። «እርስዎ ነዎት እንጂ! ምን ዓይነት ሰው ነዎት? ልቤን እኮ አፈነዱት!»

ግን የመጣ እንባ እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። አንዲት አሮጊት ድንጋዩን ዳሰሱና የልጃቸውን ስም ጠርተው ለቅሶውን ቀጠሉ። ሌላዋ ተከተለች። ሸምሰዲን የአጎቱ ስም ፊት ቆሞ መዳፉን ዘርግቶ ዱዓ አደረገ። ባለሙያዎቹ ከመኪና የወረዱት በዚህ መሐል ነው። ሲፋን የምትባለው ወጣት ባለሙያ ወደ ጋሽ ቸሩ ቀርባ፣ «አባባ፣ ሐውልቱ ለሰፈሩ ያለው ፋይዳ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

ይህን ጥያቄ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀዋል። አፋቸውን ከፈቱ፤ ሕዝቡን አዩ፤ መልሰው ዘጉት። 

«ወንድሜ እዚህ ነው ያለው» አለች አልጋነሽ። ጣቷን መድሃኔ የሚለው ስም ላይ አሳረፈች። «ሌላ መቃብር የለውም። ስሙን በየቀኑ የሚጠሩልኝ እኚህ ሰውዬ ናቸው። እኔ አቅቶኝ... እሳቸው ናቸው የሚጠሩልኝ።»

ሲፋን ድንኳኑንም፣ አሮጊቶቹንም፣ የሸምሰዲንንም መዳፍ አየች። «ይህን አይቼ ይነሳ ብዬ አልፈርምም» አለች፣ እሷም ዓይኗን እየጠረገች። ባልደረባዋም ራሱን ነቀነቀ። በሳምንቱ መሐንዲሶች መጥተው መንገዱን በሐውልቱ ጎን እንዲያልፍ አዞሩት።

የዚያኑ ሐሙስ ግን ሰው ሁሉ ተመልሶ ሲበተን ጋሽ ቸሩ ሱቁ በር ላይ ተቀመጡ። አዎ፣ ተቀመጡ። እርጥብ ጨርቃቸውን አጣጥፈው፣ ቀስ ብለው፦

«አልጋዬ... ያ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?»

«ታዲያ ለማን መሰለዎት?»

 አልጋነሽ ያበጠ ዓይኗን በነጠላዋ እየጠረገች አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ሁለተኛ ግን እንዳይሞቱብኝ» አለቻቸው። «አልችለውም።»