ሸኚ ብቻ የሚገባበት ኤርፖርት

አንጓች ያን ሕልም ያየችው በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ያውም ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣ፣ ያውም ልጇን ልትሸኝ ስትሄድ። ሰው ልጁን እየሸኘ እንቅልፍ ይወስደዋል ወይ የሚል ካለ፣ ሌሊቱን በሶ ሲነፋና ሻንጣ ሲያስር ሲፈታ አድሮ፣ ከደቅ ደሴት እስከ ባሕር ዳር መርከብ ላይ ሲንገላታ አርፍዶ ይሞክረው።

ልጇ ትርንጎ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የመኪናው መንገድ አላስተማምን ስላለ አዲስ አበባ ያለው አጎቷ የአውሮፕላን ትኬት ቆረጠላት። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ አልቋል። አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል፤ አንጓች ልጇን አልመረቀቻትም።

ትርንጎ ገና ምድቧን የሰማች ዕለት፣ «እምዬ፣ አንቺ ሳትመርቂኝ እግሬን አላነሳም» ብላ ነበር። ልጅቷ ይህን ያለችው በፍቅር ነው። እናትየዋ ግን እንደ መያዣ ያዘችው። ካልመረቅኋት አትሄድማ! ከዚያ ወዲህ ትርንጎ ጉልበቷን ልትስም ጎንበስ ባለች ቁጥር አንጓች አንዴ «ወጡ አረረብኝ» እያለች፣ አንዴ ዶሮ «እሽ!» እያለች ከፊቷ ስትጠፋ ከረመች። የዛሬ ጠዋት መርከብ ላይ እንኳ ልጅቷ ቀረብ ስትላት፣ «አጥወለወለኝ» ብላ ዓይኗን ጨፈነች። በጣና ላይ ተወልዳ ያደገች ሴት አጥወለወለኝ ስትል ማን ያምናታል? ትርንጎም አላመነችም።

ወደቡ ላይ ኤርፖርት የሚሄድ ሚኒባስ ቆሞ ነበር። ረዳቱ ጢሙ የሸበተ ሰውዬ ነው፤ «ኤርፖርት! አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮኻል። አንጓች ከልጇ ጎን ተቀምጣ ያ አንድ ሰው እንዳይመጣ በልቧ ትለምን ጀመር። ካልሞላ አይነሳም፣ ካልተነሳ አውሮፕላኑ ያመልጣል፣ አውሮፕላኑ ካመለጠ ልጄ ከኔ ጋር ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ልመናዋን ሳትጨርስ ከረባት ያሰረ፣ ራሱን ሙልጭ አድርጎ የተላጨ ግዙፍ ሰው «አለሁ! አለሁ!» እያለ እየሮጠ መጣና ከጎኗ ዘፍ አለ። «እግርህን በሰበረው» አለች በልቧ። ወዲያው ደነገጠችና አምላኳን ይቅርታ ጠየቀች። ሰውየውን ግን አልጠየቀችም።

በሩ ጓ ብሎ ተዘጋ። ትርንጎ በመስኮት በኩል፣ ሰውየው በወዲህ በኩል፣ አንጓች በመሐል። ሚኒባሱ ገና አደባባዩን ሳይዞር እንቅልፍ ይዟት ሄደ።

በሕልሟ ሚኒባሱ አሁንም ወደቡ ላይ ቆሟል። ረዳቱም አሁንም ይጮኻል።

«ኤርፖርት! አንድ ሰው የበዛው! ውረዱ እንጂ ጎበዝ፣ ባዶ ካልሆነ አንነሳም!»

ተሳፋሪው ለመውረድ ተጋፋ። «እርስዎ ይቅደሙ»፣ «ኧረ በሞቴ እርስዎ» እየተባባሉ ሁሉም ወርደው ሲያልቁ ሚኒባሱ ባዶውን ተነሳ። እነሱም ውስጡ ተቀምጠው አብረው ሄዱ። እንዴት እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ትንሽ እንደሄዱ ሹፌሩ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

«የለም» አሉ ተሳፋሪዎቹ።

«እኔ ነኛ ወራጁ! ሽንኩርት ልገዛ ነው» አለና ወርዶ ገበያው ውስጥ ጠፋ። በሱ ቦታ አንድ ይብራ መሪውን ያዘ፤ ከነዚያ ጣና ላይ ሲንሳፈፉ ከሚውሉት፣ ከአፋቸው ሥር ከረጢት ካላቸው ትልልቅ ወፎች አንዱ። የሁሉንም ሻንጣ እዚያች ከረጢቱ ውስጥ ከተተና በጨዋ ደንብ እየነዳ ሄደ። የትርንጎ በሶም እዚያው ገባ። አንጓች «እንዳይረጥብብኝ» አለችው፤ ይብራውም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

መንገድ ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቀ ጉማሬ ፊሽካ ነፍቶ አስቆማቸው።

«ምን አጠፋን?» አለ ይብራው።

«ምንም። እኛ የምናስቆመው ያላጠፋውን ነው» አለ ጉማሬው። ከዚያ ያን የሚያህል ራሱን በመስኮት አስገባና አንጓችን ትክ ብሎ አያት። «እናት ዓለም፣ ጭነት አብዝተሻል።»

«እኔ? ነጠላዬንና መቀነቴን ነው የያዝኩት።»

«ያልተሰጠ ምርቃት ይዘሻል። ጎማዎቹን ተመልከቻቸው እስቲ።»

ብታይ ጎማዎቹ ሁሉ ተኝተዋል። አፈረች። ግን አንጓች በቀላሉ እጅ የምትሰጥ ሴት አይደለችም፤ «የራሴ ነው። ሲመቸኝ እሰጣለሁ» አለች።

ጉማሬው አልተቆጣም። «ሲመችሽ» አለና ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔም ልጄን ሸኝቻለሁ። ውኃ ለውኃ ሄደች። እስከ ዛሬ ውኃው ሲንቀሳቀስ እሷ ትመስለኛለች።» እንባውን በጓንቱ ጠረገና በሉ ሂዱ ብሎ አሰናበታቸው። አንጓች ጉማሬ ፈርታ ያደገች ሴት ናት፤ አንድ ቀን እቅፍ አድርጌ ባባበልኩት ብላ አታስብም ነበር።

ዞር ስትል ደቅ ከኋላ ይከተላቸዋል። ደሴቱ ከነማንጎው፣ ከነፍየሉ፣ ከነአጥሩ በመርከብ ተሻግሮ አስፋልቱን ይዞ እየመጣ ነው። ጎረቤቷ አያ ስማቸው እንደ ወትሮው አጥሩን ተደግፎ ቆሟል።

«አያ ስማቸው! አገሩን ወዴት ነው የምትነዳው?»

«እኔ ምን አደረግሁ? ትርንጎን ልሸኝ ብሎ ራሱ ተነሳ። ደሞስ ልጅ ሲሸኝ ግማሹ ሄዶ ግማሹ ይቀራል እንዴ?»

«ውኃውስ?»

«ውኃው ቤት እየጠበቀ ነው።»

ይህ ለአንጓች ትክክል መስሎ ታያት። ቤት ባዶውን አይተውም።

ኤርፖርቱ ሲደርሱ አውሮፕላኖቹ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋድመው ያመሰኳሉ። ዩኒፎርም የለበሱት ሠራተኞች ሁሉ ወረቀታቸውን ይዘው ረጅም ሰልፍ ሠርተዋል። አንጓችን ሲያዩ «መጡ! መጡ!» ተባባሉና በመስኮቱ በዚያኛው በኩል ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«እናቴ፣ እቺን አንዲት ማኅተም ቢያደርጉልን» አለ የመጀመሪያው።

አንጓች ወረቀቱን ገልብጣ አየችው። «ሰኞ ኑ» አለች።

«ከሩቅ ነው የመጣነው እኮ።»

«ይገባኛል። ሰኞ።»

አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ለመሬት ጉዳይ ስትመላለስ የጨረሰችው የጫማ ሶል ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተካሰ። ሁለተኛውን ደግሞ «ፎቶኮፒ አንሳና ና» ልትለው ስትል ከውጭ የልጇን ድምፅ ሰማችና ተነስታ ወጣች።

በሩ ላይ አንድ ቆፍጣና ጥበቃ ትርንጎን አስቁሟታል።

«ተጓዥ እዚህ ይቀራል» አለ። «የሚገባው ሸኚ ብቻ ነው።»

«የምትሄደው እኮ ልጄ ናት» አለች አንጓች።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የምትቀረው።»

አንጓች በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራትም። ልጄ ቀረች! ስእለቴ ሰመረ! ከዚያ ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«እኔስ?»

«እርስዎ ይበራሉ።»

«የት?»

«ሸኚ የሚሄድበት።»

ምን ዓይነት ቦታ ነው ብላ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ሰውነቷ እየቀነሰ መጣ። ጫማዋ ሰፋት። ነጠላዋ ዋጣት። የጥበቃው ጉልበት ራቅ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ትርንጎ ጎንበስ ብላ አነሳቻትና ዛጎል ባለው አንቀልባ አዘለቻት። አንቀልባውን አወቀችው፤ ትርንጎን ያሳደገችበት ነው። የልጇ ጀርባ ሞቃት ነበር።

«እሹሩሩ እምዬ» አለች ትርንጎ እየተወዛወዘች። «በሶሽን ጠዋት ጠዋት በጥብጠሽ ጠጪ። ሲበርድሽ ደርቢ። የማታውቂው ሰው ምሳ ልጋብዝሽ ካለሽ ጠግቤአለሁ በይ። ሲከፋሽ ደውይ፤ ሳይከፋሽም ደውይ።»

አንጓች ጀርባዋ ላይ ሆና አለቀሰች። ይህ ሁሉ ራሷ ልትመክራት አዘጋጅታ ያልመከረቻት ምክር ነበር።

አንደኛው አውሮፕላን ማመስኳቱን ትቶ መጣና ፊታቸው ተንበረከከ። «ተመርቃለች?» ሲል ጠየቀ። «ያልተመረቀ ሰው አልጭንም፣ ክንፌን ያዝለዋል።»

ትርንጎ አንቀልባውን ፈታች፣ እናቷን መሬት አቆመቻትና መዳፏን አናቷ ላይ አሳረፈች። «በይ እምዬ፣ የወጣሽበት ይቅናሽ። ከክፉ ይሰውርሽ። የሰው አገር ሰው አገርሽ ይሁንሽ። እንትፍ፣ እንትፍ።»

ከአናቷ እስከ እግር ጥፍሯ ሙቀት ወረደ። አንጓች በሕይወቷ ብዙ ሰው መርቃለች፤ እንዲህ ተርባ ተቀብላ ግን አታውቅም። ይህን ሳልይዝ ሄጄ ቢሆን ኖሮ ብርድ ይገድለኝ ነበር አለች በልቧ። አውሮፕላኑ ውስጥ ገባች፣ በመስኮት አየች። ልጇ ከበሩ ውጭ ብቻዋን ቆማለች፤ ምንም አልያዘችም።

«ትርንጎዬ! አንቺንስ ማን መረቀሽ?»

«ማንም።»

«እናትሽስ?»

«እናቴማ ዶሮ እሽ ልትል ሄደች።»

ይህን ስትሰማ አንጓች የሆነችውን መሆን ለጠላትም አይስጥ። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀምሯል። «ነይ! ነይ ወዲህ! ጎንበስ በይ!» እያለች በመስኮቱ እጇን ሰደደች። እጇ ረዘመ። ሰልፈኞቹን አልፎ፣ ጥበቃውን አልፎ ሄደ፣ ሄደ፣ በመጨረሻ አንድ አናት ላይ አረፈ። አናቱ ግን ልስልስ ነው፣ ፀጉር የለውም።

«ሹሩባሽን ምን በላው?»

«ፍተሻ ላይ አስቀሩብኝ» አለ ድምፁ ከታች።

ይቅር፣ ፀጉር ይበቅላል። አንጓች ጊዜ አልነበራትም። ስታምቀው የከረመችውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለቀቀችው። «ልጄ፣ ሆዴ፣ እንዳወጣሽ ያግባሽ! የተማርሽው ይግለጥልሽ! መምህሩ ይውደድሽ፣ ጓደኛ አይክዳሽ! የበላሽው ይስማማሽ፣ የተኛሽበት ይሙቅሽ! ወልደሽ ሳሚ! እኔን አፈር ሳይጫነኝ ዓይንሽን ያሳየኝ! እንትፍ! እንትፍ! እንትፍ!»

«አሜን!» አለ ጉማሬው። «አሜን!» አሉ ሰልፈኞቹ። ደቅ ባለበት ቆሞ «አሜን!» ሲል ማንጎው ሁሉ ረገፈ፤ በዚያ ድምፅ አንጓች ባንና ነቃች።

ሚኒባሱ ቆሟል። ሞተሩ ጠፍቷል። ከፊት የእውነተኛው ኤርፖርት በር ይታያል። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቋል፣ ረዳቱ በሩን በግማሽ ከፍቶ አንገቱን ደፍቷል፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ ጎንበስ ብለዋል። የአንጓች ቀኝ እጅ በዚያ ከረባት ባሰረው ሰውዬ አናት ላይ ነው። ሙልጭ ያለው አናቱ በእንትፍታ ርሶ ያበራል።

«አሜን እናቴ» አለ ሰውየው ቀና ሳይል። «ወልደሽ ሳሚ ላሉኝም አሜን።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች አንጓች። «የሷ ነበር እኮ! የልጄ ነበር! ስንት ቀን ያስቀመጥኩትን!»

ትርንጎ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ እየሳቀች ታለቅሳለች። ሰውየው ግን አልሳቀም። «እኔም አሁን ልሄድ ነው» አለ። «እናቴ ካረፈች ወዲህ መርቆ የሸኘኝ ሰው አልነበረም። ለኔም ደርሶኛል፤ ለሷም ይበቃል።» የአንጓችን እጅ በሁለት እጁ ከአናቱ አነሳና በጥንቃቄ ትርንጎ ሹሩባ ላይ አኖረው።

አንጓች ሁሉንም እንደገና ልትለው ፈለገች። አንድም ቃል አልመጣላትም። የቀራት ያ እስከ ዛሬ ከአፏ አልወጣ ያለው ብቻ ነበር።

«ሂጂ ልጄ» አለች።

የኤርፖርቱ ጥበቃ የሚኒባሱን መስኮት አንኳኳ። «ሸኚ እዚህ ይቀራል! የሚገባው ተጓዥ ብቻ ነው!»

ትርንጎ የእናቷን ጉልበት ሳመችና ወረደች። ሰውየው የሷን የበሶ ዕቃ ከራሱ ሻንጣ ጋር አንጠልጥሎ ከጎኗ ሄደ። ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። ሚኒባሱ ውስጥ አንጓች ብቻዋን ቀረች። ረዳቱ እንደ ልማዱ «ወደብ! ወደብ!» ብሎ ሊጣራ አፉን ከፈተና እሷን አይቶ ዘጋው።

«እስኪሞላ አንጠብቅም፣ ዛሬ ባዶውን እንሂድ» አለው ሹፌሩን። «እናታችንን መርከቡ እንዳያመልጣቸው።»

አንጓች ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል «ይሙላ እንጂ ወንድሜ» አለች። «ምን ያስቸኩላችኋል?»